ባሌ የሚቀናባት ልጅ

ሴት ሁሉ ባሏ ሲቀናባት ታማርራለች። እዚህ ፀጉር ቤቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስንቱን ሰምቻለሁ! «ስልኬን ፈተሸብኝ»፣ «ከማን ጋር ነው ስትስቂ የነበረው አለኝ»፣ «ቀሚስሽ አጥሯል ብሎ ከበር መለሰኝ»። እኔም የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ ጭንቅላታቸው ላይ እያወረድኩ «አይዞሽ እቴ» እላለሁ፤ በሆዴ ግን «ምነው የኔን ባየሽ!» ነው የምለው። ባሌ ቀናተኛ ነው፤ በቅናትማ ከሱ ወዲያ ላሣር! ግን በኔ አይደለም። በኔ አንድ ቀን እንኳን ቀንቶ አያውቅም። ወገቤ ላይ ልክክ ያለ ቀሚስ ለብሼ፣ ተኳኩዬ፣ ለጓደኛዬ ሠርግ ስወጣ በር ላይ ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «ዝናብ አለ፣ ጃንጥላ ያዢ» ያለኝ ሰው ነው። እሱ የሚቀናው በመሥሪያ ቤቱ ልጅ ነው። እኔ ደግሞ እሱ ስለሚቀናባት እቀናባታለሁ። ይሄን ለማን ነግሬው ማን ይረዳኛል?

መጀመሪያ ሥራውን ላስረዳ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። ልንጋባ ስንል እናቴ «ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?» አለችኝ። «ካርታ» አልኳት። «ቁማርተኛ?» ብላ ደረቷን ደቃች። ቁማርተኛ አለመሆኑን ለማሳመን ብዙ ለፍቻለሁ፤ አንዳንዴ አሁንም በደንብ ያመነች አይመስለኝም።

ባሌ የጂኦግራፊ መረጃ ባለሙያ ነው። የሰፈር ሰው «አባ ካርታ» ይለዋል። መሥሪያ ቤቱ መንገድ፣ ድልድይና የውሃ መስመር የሚነድፍ የመሐንዲሶች ድርጅት ነው። አንድ ነገር ሊሠራ ሲታሰብ፣ መሬቱ ላይ የት ምን እንዳለ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስገባው እሱ ነው። ቀያሾቹ ለክተው ያመጡለታል፣ ከሰማይ የተነሣ ፎቶ ይመጣለታል፣ አሮጌ ካርታ ከየቢሮው ይለቀምለታል፤ እሱ ይሄን ሁሉ አንዱን ባንዱ ላይ ያነጥፈዋል። ወንዙ እዚህ፣ የሰው ቤት እዚያ፣ ምሰሶው እዚህ፣ መቃብሩ እዚያ። መሐንዲሶቹ መስመራቸውን የሚያሰምሩት እሱ ባነጠፈው ላይ ነው። እሱ ከተሳሳተ ድልድዩ ከወንዙ ማዶ ደረቅ መሬት ላይ ተገትሮ ይቀራል። ይሄን የሚያህል ኃላፊነት የተሸከመ ሰው ቤት ሲገባ የገዛ ካልሲውን አልጋ ሥር ማግኘት ያቅተዋል። የምፈልግለት እኔ ነኝ።

ድሮኗ የመጣችው የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ በወጡ ሰሞን ነው። ስሟን መጥራት ስለማልወድ ድሮኗ ነው የምላት፤ ድሮን እያበረረች መሬት ትለካለችና። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ምኗም አይደለም። ባሌ ደግሞ ያን የኃላፊነት ወንበር ለዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። ሽማግሌው ሲወጡ እሱ ይገባል፤ ይሄ በመሥሪያ ቤቱም በቤታችንም ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን «እስቲ ትንሽ እንይ» አሉ። ምኑን ነው የሚያዩት? ባሌን ለዓመታት አይተውታል። እንግዲህ የሚያዩት እሷን ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ከሷ ሌላ ወሬ ጠፋ። ጫማውን ሳያወልቅ ይጀምራል። «ዛሬ ምን እንዳደረገች ታውቂያለሽ? እኔ ሳምንት የምፈጅበትን በግማሽ ቀን ጨርሳ ቁጭ!» በማግስቱ «ዛሬ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት አሞገሷት።» በሦስተኛው ቀን «ጋሼ አለችኝ እኮ! ጋሼ! በቁሜ ሽማግሌ አደረገችኝ!» ምሳ ምን እንደበላች ያውቃል። የትኛው መስኮት ሥር እንደምትቀመጥ፣ ስታስብ እስክሪብቶ እንደምታኝክ ያውቃል። አንድ ቀን እንዲሁ ሲያማርር በመሃል «ደግሞ ፀጉሯን አሳጥራ መጥታለች» አለ። እጄ ላይ የነበረው ሳህን ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እኔ እኮ ፀጉር ሠሪ ነኝ! በዚያው ሰሞን ቀይ ተቀብቼ፣ ቀዩን ጠልቼው ወደ ጥቁር መልሼ፣ የግንባሬን ደግሞ ቆርጬው ነበር። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ምንም! ወጡ ጨው አንሶታል ነው ያለኝ።

ሳህኑን አስቀምጬ ጠየቅኩት።

«ቆንጆ ናት?»

«ማን?»

«አያቴ! ማን ልትሆን ነው፣ እሷ ናታ!»

ትንሽ አሰበ። «እኔ እንጃ። የምትጽፈው ኮድ ግን ያምራል» አለኝ። «ለኮምፒውተሩ የምትሰጠው ትእዛዝ ማለቴ ነው። ቁጥብ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ አንድ ትርፍ ነገር የለበትም። ያናድዳል!»

ድንቄም ንጹሕ! ቆንጆ ናት ቢለኝ ኖሮ የማደርገውን አውቃለሁ፤ እኔም አምሬ እታያለሁ፣ ለዚያ ሥራዬ ነው። ኮድ ከየት አባቴ ላምጣ?

ታላቅ እህቴ ፀጉር ቤት አብራኝ ትሠራለች። ለሷ አወጣሁት።

«እትዬ፣ ባሌን ተቀማሁ» አልኳት።

የደንበኛ ፀጉር በቢጉዲን እየጠቀለለች ሳቀችብኝ። «አንቺ ደግሞ! ልጅቷን አይኗን ማየት አይፈልግም አላልሽኝም?»

«ሲጠላት ለጉድ ነው።»

«ታዲያስ?»

«እኔን እንዲህ ከልቡ ጠልቶኝ እንኳን አያውቅም!»

እጇን አቁማ በመስታወት ውስጥ አየችኝ። ካስክ ሥር የነበረችው ደንበኛም ጭንቅላቷን አወጣች። «ሥራ ፈት ቅናት ነው የያዘሽ፣ ተይው» አለችኝ እህቴ፤ ከዚያ ቢጉዲኑን ቀጠለችና «ብቻ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፣ ነቃ በይ» ብላ ጣል አደረገችልኝ። እንቅልፍ የነሳችኝ ይቺ የመጨረሻዋ ቃሏ ናት።

በዚህ መሃል የውሃው ፕሮጀክት መጣ። ተራራ ላይ ያለ ምንጭ ተጠልፎ፣ በቱቦ ወርዶ፣ ታች ከከተማው በላይ ያለ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሊገባ ነው። ፓምፕ የለውም፤ ውሃው በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ስለዚህ ከሁሉ በላይ የመሬቱ ከፍታ ነው ወሳኙ። የላይኛውን ግማሽ ባሌ ከዓመታት በፊት በእግሩ እየዞረ፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን እየተከለ እየነቀለ ለክቶት ነበር። የታችኛውን ግማሽ ድሮኗ በሳተላይት መሣሪያና በድሮን አዲስ ለካችው። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ቀጥላ አንድ መስመር እንድታደርግ ያዘዙት ለሷ ነው። «ሐሙስ ለአሠሪዎቹ ታቀርባለች። ከዚያ በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ማን እንደሚሆን አሳውቃለሁ» አሉ። ባሌ ያን ቀን ሲገባ ምንም አላወራም። ስለሷ ሳያወራ የገባበት የመጀመሪያ ቀን ስለነበር ግንባሩን ዳሰስኩት፤ ትኩሳት የለውም።

ከሐሙሱ በፊት ባለው እሑድ ከሰዓት እኔ ጓዳ ልብስ አጥባለሁ፣ እሱ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑን ዘርግቷል። ድንገት ጠረጴዛውን በመዳፉ ሲመታው ሰማሁ።

«ያዝኳት!» ብሎ ጮኸ። «እጅ ከፍንጅ ያዝኳት!»

 እጄን ሳላደርቅ ሮጥኩ። «ከማን ጋር?»

«ምን ከማን ጋር ነው? ተሳስታለች! ነይ እይ፣ ነይ!»

ወንበር ሳበልኝ። ባሌ ለኔ ወንበር መሳቡ ብርቅ ነው፤ ተቀመጥኩ። ማያ ገጹ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚወርድ ቀጭን መስመር አለ፤ መሬቱ ከጎን ሲታይ ነው አለኝ። መሃል ላይ መስመሩ ቁልቁል ዝቅ ይላል፤ የባለ ሁለት ፎቅ ቤት ቁመት ያህል።

«እዚህ ጋ ገደል ይታይሻል?»

«ይታየኛል።»

«ገደል የለም! ሜዳ ነው! ከቀያሾቹ ጋር ጋደም ብለን ያረፍንባት፣ ኳስ የተጫወትንባት ሜዳ ናት። የኔ ልክና የሷ ልክ የሚገናኙት እዚያች ሜዳ ላይ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ እንደ ገባኝ ልንገራችሁ። ባሌ ከፍታ የለካው ከባህር ጠለል ተነስቶ ነው። ሳተላይቱ ግን ባህር አያውቅም፤ በሂሳብ ከተሠራች አንዲት ለስላሳ ድቡልቡል መሬት ተነስቶ ነው የሚቆጥረው። የአንዲትን ደንበኛ ፀጉር እኔ ከግንባሯ፣ እህቴ ከማጅራቷ ጀምረን ብንለካ ቁጥራችን አይገጥምም፤ ፀጉሩ ግን ያው ነው። ሁለቱን ልክ ከመቀጠል በፊት አንዱን ወደ ሌላው መመለስ ያስፈልጋል። ድሮኗ ሳትመልስ ቀጠለችው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ማጠራቀሚያው ከእውነተኛ ቦታው ዝቅ ብሏል፣ ውሃውም እየተንደረደረ ይገባል። በመሬት ላይ ግን ቱቦው ተቀብሮ፣ ማጠራቀሚያው ተገንብቶ፣ ሕዝቡ ባልዲውን ይዞ ተሰልፎ ውሃው መንገድ ላይ ይቆማል።

«መሐንዲሶቹስ አላዩትም?»

«ያቺን ሜዳ የት ያውቋታል? አገሩ ተራራ ነው፣ ገደል ቢያዩ አይደንቃቸውም።» ተነስቶ ሳሎኑን ይዞር ጀመር። «ዛሬ አልናገርም። ሐሙስ ታቅርብ። አሠሪዎቹም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ ሁሉም ባለበት ታቅርብና ትጨርስ። ከዚያ እጄን አወጣለሁ።» እጁን አወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ። «‹ይቅርታ፣ አንዲት ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ። ይቺ ገደል የት ነው ያለችው?›»

«እሰይ!» ብዬ አጨበጨብኩ። «እንደገና በላት!»

እንደገና አላት። በሦስተኛው ላይ «ትንሽ ጥያቄ» የሚለውን ዝግ አድርጎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ አለው፤ ያምርበት ነበር። እኔም ሥራ አስኪያጁን ሆኜ ደንገጥ አልኩለት። ሁለታችን እንደዚያ ቀን ስቀን አናውቅም። ልጅቷ በሐፍረት ቀልታ፣ እስክሪብቶዋን እንኳን ማኘክ አቅቷት፣ ዕቃዋን ሰብስባ ስትወጣ ታየኝ። ከዚያ ወዲያ ቤቴ ውስጥ ስሟ አይነሳም። ባሌ ትከሻዬን አቀፈኝ።

«ሐሙስ ማታ ወጣ ብለን እንበላለን» አለኝ።

ይሄን ደስታ ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ምን ልሁን ብዬ እንደሆነ እንጃ፣ «ያን ያህል ጎበዝ ነች ስትላት፣ ይሄ እንዴት ጠፋት?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ያን ቀን ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ እኮ...»

«ጠረጴዛህ ጋ?»

«እ?»

«ጠረጴዛህ ጋ መጥታ ነበር? ይሄን አልነገርከኝም።» የምትበላውን የነገረኝ ሰው፣ የምትቀመጥበትን መስኮት የነገረኝ ሰው፣ ይሄን ዘሎታል! ሳቄ ደረቀ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው፤ ወንበሬን ወደ ወንበሩ አዞርኩ። «መቼ ነው የመጣችው?»

«ሥራውን የጀመረች ሰሞን ነው። የላይኛውን መስመር ፋይል ልትወስድ።»

«ቆማ ነው ተቀምጣ?»

«ምን አስጨነቀሽ? ወንበር ስባ ተቀመጠች።»

«በየት በኩል?»

«በግራ።»

«ተጠግታ?»

«ኧረ በፈጠረሽ! ማያ ገጹን ለማየት ያህል ነው።»

«እሺ። ምን አለችህ? እሷ ያለችውን ንገረኝ፣ አንተ ያልከውን ንገረኝ፣ ምንም እንዳትዘል።»

ተንፍሶ ጀመረ። «‹ጋሼ፣ የላይኛውን ፋይል ይስጡኝ› አለችኝ። ሰጠኋት። አየችው። ‹በጣም ንጹሕ ሥራ ነው› አለችኝ...»

«ንጹሕ!»

«አታቋርጪኝ። ከዚያ ‹ይሄ ከፍታ ከምን ተነስቶ ነው የተለካው?› አለችኝ።»

«አንተስ?»

«‹ፋይሉ ላይ ተጽፏል› አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አመስግናኝ ሄደች።»

«በቃ? ተጽፏል ካልካት ምን ቀራት ታዲያ? አንብባ ነበራ!»

ላፕቶፑን ወደ ራሱ ሳበና ፋይሉን ከፈተው።  ፊቱን አየሁት፤ ደም የለበትም።

«አልተጻፈም» አለ።

በነሱ ሙያ ቁጥር ለብቻው ለሰው አይሰጥም። ከምን ተነስቶ እንደተለካ፣ በምን እንደተለካ፣ መቼ እንደተለካ የሚገልጽ ማብራሪያ አብሮት ይሄዳል፤ ይሄ ደንባቸው ነው። ማብራሪያው ነበር፤ ባሌ ለብቻው አስቀምጦት ነበር። እጁ ላይ ነበር። ቁጥሮቹን ሰጥቷት ማብራሪያውን አስቀረባት። ፋይሉ ላይ ፈልጋ ስታጣው እሱም እንደሷ ከሳተላይቱ መነሻ ተነስቶ የለካ መሰላት። ተመልሳ እንዳትጠይቅ ደግሞ ፊቱን አይታዋለች።

«ለምን አስቀረህባት?» አልኩት።

«ትፈልገዋ አልኩ። ጎበዝ አይደለችም?» ይሄን ሲል የራሱ ድምፅ እንደ ባዕድ የሆነበት ይመስላል። ቁጭ አለ። «ጠይቃኛለች እኮ» አለ። «በትክክል ጠይቃኛለች።»

እኔ ግን ገና ሐሙስ ላይ ነበርኩ። «እና ምን ይጠበስ?» አልኩት። «ሌላ ሰው ሰምቷችኋል?»

«አልሰማም።»

«በቃ! ዝም አይነቅዝም። ሐሙስ የምትናገረው ውሸት አይደለም፤ ገደል የለም፣ የለማ! ውሃውም ይድናል፣ ሕዝቡም ይድናል፣ ወንበሩም ያንተ ይሆናል። እሷ ልጅ ናት፤ ነገ ሌላ ቦታ ትቀጠራለች። አንተን ግን ማን ያነሳሃል?» አሁንም እለዋለሁ። ደግሜም እለዋለሁ። ለባሌ ካልተከራከርኩ ለማን ልከራከር ነው?

ሰማኝ። ያልሰማኝ እንዳይመስላችሁ፣ በደንብ ነው የሰማኝ። ላፕቶፑን ዘጋ፣ ከፈተ፣ እንደገና ዘጋ። መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። እጁን ከፍ አድርጎ «ይቅርታ፣ አንዲት ትንሽ...» ሲል ሰማሁት፤ አልጨረሳትም።

«ስልኬ የት ነው?» አለኝ።

ስልኩ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ነበር። ለምን እዚያ እንደነበር ያገባች ሴት አትጠይቀኝም። «እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኩት። እጁን ዘረጋልኝ። ሰጠሁት።

እዚያው ፊቴ ደወለላት። ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ የደከመ ድምፅ ነው። «ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ምን ሆነው ነው በእሑድ?»

«ስሚኝ» አላት። «ያ የላይኛው መስመር፣ ከፍታው ከባህር ጠለል ነው። ያንቺ ከሳተላይት ነው። ሳይስተካከል ነው የተቀጠለው። ሜዳዋ ላይ የሌለ ገደል ፈጥሯል።»

 ከወዲያ የተቆራረጠ ነገር መጣ፤ «ወይኔ፣ ጋሼ... ሐሙስ... ቱቦው ሁሉ ተሰልቶ...»

«አታልቅሺ። ስሚኝ፣ አታልቅሺ። ጥፋቱ የኔ ነው። ጠይቀሽኝ ነበር፤ ዋሸሁሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሁለት ጊዜ አላት።

ወንበሩን ይዤ ተቀመጥኩ። የፀጉር ቤቴን ቧንቧ ከፍቶት ሄዶ ቤቱ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ «ቧንቧው ነው ያረጀው» ያለኝ ይሄ ሰው ነው። ምጥ ይዞኝ ሦስት ጊዜ ደውዬለት ሳያነሳ ቀርቶ፣ ልጃችንን ከታቀፍኩ በኋላ ሲመጣ «ሳይቱ ላይ ኔትዎርክ የለም» ያለኝ እሱ ነው። እናቴን በሰው ፊት አሽሟጥጦ ሲያስለቅሳት «ቀልድ አታውቅም» ነው ያለው። ቧንቧው፣ ኔትዎርኩ፣ ዝናቡ፣ ሹፌሩ፤ በቤታችን ውስጥ ያላጠፋ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ይቺን ቃል አፉ ማውጣት የማይችል መስሎኝ ነበር፤ ከተፈጥሮው ነው ብዬ ትቼለት ነበር። ለካ ይችላል። እንዴት አድርጎ አሳምሮ ነው ያላት! በለሆሳስ፣ ረጋ ብሎ፣ «አታልቅሺ» ብሎ። እርር ድብን አልኩ።

ሰኞ ማለዳ ለሥራ አስኪያጁም ሄዶ ሳይሸራርፍ ተናገረ። ከልጅቷ ጋር ሜዳዋ ድረስ ሄደው እንደገና ለኩ፤ ፀሐይ አክስሏቸው፣ ጭቃ ለብሰው ተመለሱ። ማጠራቀሚያው ዝቅ ወዳለ ቦታ ተዛወረ። ሐሙስ ቀርቦ ጸደቀ። ከስብሰባው በኋላ ሥራ አስኪያጁ ባሌን ለብቻው ጠርተው «እውቀቱ ሁለታችሁም ጋ አለ። የጠየቀችው ግን እሷ ናት፤ ያልመለስከው አንተ» አሉት። ወንበሩን ለሷ ሰጧት።

ያን ማታ ሲመጣ ቤቱ ይፈርሳል ብዬ ዕቃ ሁሉ ሰብስቤ ነበር። ጫማውን በጸጥታ አወለቀ። ታጠበ። በላ። ደግሞ ጨምሪልኝ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለሷ አያወራም፤ ካልጠየቅኩት በቀር አያነሳትም። ብጠይቀውም «ደህና ናት» ነው የሚለኝ። ቅናቱ ለቆት ሄዷል። ወዴት እንደሄደ የማውቀው እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ልጅቷ ራሷ ፀጉር ቤቴ መጣች። አላወቅኳትም ነበር። ቀጫጫ፣ ዓይኗ ሥር የጠቆረ፣ ጥፍሯን በልታ የጨረሰች ልጅ ናት። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ማን እንደሆነች ስትነግረኝ መቀሱ እጄ ላይ ነበር። እህቴ ከወዲያ ሆና ሳለች፤ ምን አይነት ሳል እንደሆነ እኔና እሷ እናውቃለን። ሥራ ሥራ ነውና አሳምሬ ሠራኋት። እውነቱን ለመናገር ከማንም ደንበኛ አሳምሬ ሠራኋት።

ስጨርስ በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ አለችልኝ። «እትዬ፣ ጋሼ እንዴት ያለ ሰው ናቸው!» አለችኝ። «ጥፋቴ ነው የሚል ወንድ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አባቴ እንኳን ብሎ አያውቅም። ታድለዋል!»

«አዎ» አልኳት። «ታድያለሁ።» ፀጉሯን ከአንገቷ ላይ አራገፍኩላት፣ በር ድረስም ሸኘኋት።

ማታ ባሌ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሲበላ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። መቀመጥ አልፈለግኩም።

«ለኔስ መቼ ነው የምትለኝ?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ለሷ ያልካትን።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። የምን ነገር እንደሆነ ሲገባው አየሁት፤ ገብቶታል። ከዚያ ከልቡ አሰበ። ባሌን አውቀዋለሁ፣ ሲያስመስልም ከልቡ ሲሆንም አውቀዋለሁ፤ ይሄ ከልቡ ነበር። ቅር ሳይለው፣ ሳይቆጣ፣ ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ቀና ብሎ አየኝ።

«አንቺን ምን በድዬሽ አውቃለሁ?» አለኝ።